የአሮጌዋ መኪና ጓዳ

ሰው ዕቃውን አውጥቶ መንገድ ዳር ሲደረድር ያየ ሁሉ ሊሸጥ ነው ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ስለዚህ ጋሽ ብሎን በዚያ ከሰዓት በኋላ ከአሮጌ መኪናቸው ኋላ ያለውን ጓዝ እያወጡ እግረኛ መንገዱ ላይ ሲዘረግፉ፣ አላፊ አግዳሚው ቆም እያለ ዋጋ ቢጠይቅ አይፈረድበትም ነበር።

«አባባ፣ ይሄ መቀስ ስንት ነው?» አለቻቸው ዘንቢል ያንጠለጠለች ሴት።

«አይሸጥም።»

«ፒንሳውስ?»

«እሱም አይሸጥም።»

«ታዲያ ለምን አወጡት?»

ጋሽ ብሎን ሊመልሱ ቀና ሲሉ ጭንቅላታቸው ከተከፈተው የኋላ በር ጋር ተላተመ። «ነፋስ ይንካው ብዬ ነው!» አሉ አናታቸውን እያሹ። ሴትዮዋ በሐዘኔታ አይታቸው ሄደች። ከእሷ በፊት ሁለት ሰዎች መጥተው ነበር፤ አንዱ የዘይት ማንቆርቆሪያውን ጠየቀ፣ ሌላው ጭራሽ መኪናዋን።

እኚህ ሰው የስፌት መኪና ጠጋኝ ናቸው። ስማቸው ሌላ ነው፤ ግን ኪሳቸው ሁልጊዜ በብሎን ስለሚንሿሿ ሰፈሩም ደንበኛውም «ጋሽ ብሎን» ካላቸው ቆይቷል፤ እሳቸውም እንደ ማዕረግ ተቀብለውታል። ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፁን ብቻ ሰምተው «መርፌዋ ተንጋዳለች» ወይም «ጥርሷ አልቋል» ይላሉ፤ አይሳሳቱም። የሚሳሳቱት ዕቃቸውን የት እንዳስቀመጡ ነው።

የሚሄዱባት መኪና ትንሽ ናት፤ ኋላዋ እንደ ተቆረጠ ዳቦ ድፍን ያለ፣ የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት፣ ሲገዟትም አሮጌ የነበረች። የኋላ ወንበሯ ከታጠፈ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። በታጠፈው ወንበር ላይና ከእሱ ኋላ ቺንጊያው፣ ጨርቁ፣ የመርፌው ካርቶን፣ ሦስት የማይሠሩ ሞተሮች፣ ወንድሙ የጠፋበት አንድ ጫማ ተደባልቀው ይኖራሉ። ከሁሉም በላይ፣ ክምሩ አናት ላይ፣ አሥራ አራት ኪሎ የምትመዝን የብረት ስፌት መኪና ተቀምጣለች። እሷን የደንበኛ መኪና ተፈትቶ እስኪጠገን ድረስ ሥራ እንዳይቆም ያውሷታል።

ያን ዕለት የተጠሩት የተማሪ ደንብ ልብስ ከሚሰፋበት ቤት ነው። ጋሽ ብሎን ገብተው፣ ሥራ ያቆመችውን ዋና የስፌት መኪና መዘውር አንድ ጊዜ አዙረው በሽታዋን አገኙ። የታችኛው ክር የሚቀመጥባት፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ የብረት ቤት ተሰንጥቃለች። «አዲስ አለኝ፤ መኪና ውስጥ ናት፤ አሁን መጣሁ» ብለው ወጡ። ያ «አሁን» ነው እንግዲህ አንድ ሰዓት ያለፈው።

የስፌት ቤቱ ባለቤት ለሦስተኛ ጊዜ በር ላይ ብቅ አለች። «ጋሼ፣ አሥራ ሁለት ሠራተኛ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል እኮ።»

«መጣሁ አልኩሽ፣ እህቴ!»

«መጣሁ ካሉማ ቆዩ።»

በዚህ መሐል ነው፣ ሳይታሰብ፣ የእህታቸው ልጅ በዚያ መንገድ ያለፈችው። ልጅቷ በአንድ የሙያ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ መምህርት ናት። እርሳስ ከጆሮዋ ላይ ረስታ፣ የልብሷን ጫፍ የመጋዝ ብናኝ አልብሶት ወደ ቤቷ ስትሄድ አጎቷን ከዕቃ ክምር መሐል አገኘቻቸው።

«አጎቴ! እንደምን ዋሉ? ቤት እየለቀቁ ነው እንዴ?»

«አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽ?» አሉ። በሌላ ቀን ቢሆን ሦስት ጊዜ ይስሟት ነበር። «ዝም ብለሽ ፈልጊ። ትንሽ ብረት ናት። ክብ። ጎኗ ላይ ቀዳዳ አላት።»

መምህርቷ ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ፈለገች። የጎደለው ዕቃ በመጨረሻ የተገኘው ትርፉ ጎማ ሥር፣ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከአሮጌ ቁልፎች ጋር ነው። ጋሽ ብሎን መንጭቀው ይዘው ገቡ። ብዙም ሳይቆይ የስፌት ቤቱ ድምፅ እንደ ዝናብ ጀመረ። ሲወጡ የእህታቸው ልጅ ዕቃውን መልሳ ጭና፣ የእጅ ሰዓቷን እያየች ቆማለች።

«ሻይ ልጋብዝዎት» አለች።

ከመንገዱ ማዶ ወዳለች ትንሽ ሻይ ቤት ገቡ። ጋሽ ብሎን አናታቸው አብጧል፤ ትከሻቸው ዝሏል፤ ሊናገሩም አልፈለጉም። መናገር የፈለገችው እሷ ናት።

«አጎቴ፣ ቢፈቅዱልኝ አንድ ነገር ልናገር።»

«ባልፈቅድስ?»

«እናገራለሁ።»

«ታዲያ ምን ያስፈቅድሻል?»

«ጥገናው ስድስት ደቂቃ ፈጀ» አለች ድምፅዋን ሳትለውጥ። «ፍለጋው ሰባ ደቂቃ።»

«ቆጠርሽ?»

«እኔ ከመጣሁ ያለውን ቆጠርኩ። ከዚያ በፊት ያለውን የስፌት ቤቱን ባለቤት ጠየቅኳት። እሷ ከእኔ የበለጠ በትክክል ታውቀዋለች።»

ጋሽ ብሎን ሻዩን ሳያማስሉ ጎነጩና አቃጠላቸው። ጥፋቱ የሻዩ እንዳልሆነ ቢያውቁም ሻዩን ተቆጡ።

«እኔ የማስበው እንዲህ ነው» ብላ እርሳሷን ከጆሮዋ አወረደች። «የመኪናዋን ኋላ ልሥራልዎት። ከግራና ከቀኝ ሁለት ረጃጅም መሳቢያ፣ ከላይ ደልዳላ ጣውላ። እያንዳንዱ ነገር የራሱ ክፍል ይኖረዋል። በሩን ከፍተው ሲስቡት ሁሉም ፊትዎ ይሆናል።»

«መኪና ናት እኮ። ቁም ሳጥን አደረግሻት?»

«ቁም ሳጥን ብትሆን ይሻል ነበር። አሁን ያለችው የቆሻሻ ገንዳ ሆና ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«የት ምን እንዳለ አውቃለሁ።»

«ያቺ ብረት የት ነበረች?»

«ወተት ቆርቆሮ ውስጥ።»

«ቆርቆሮውስ?»

«ጎማው ሥር።»

«ይህን መቼ አወቁ?»

ጋሽ ብሎን መስኮቱን አዩ። «ስታገኚው» አሉ ቀስ ብለው።

ሌላ ሰው እዚህ ላይ እጁን ይሰጥ ነበር። ነገር ግን ለብዙ ዘመን አንድ ነገር በአንድ መንገድ ሲሠራ የኖረ ሰው ክርክሩ ሲያልቅበት አያቆምም፤ ሌላ ክርክር ይፈልጋል። ጋሽ ብሎንም ፈለጉ፤ ይህን ሳይደክሙ አገኙት።

«ለዚች አሮጊት መኪና ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል? ነገ ዛሬ ትሞትብኛለች። አዲስ ስገዛ ትሠሪልኛለሽ።»

«አዲስ ሊገዙ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያውስ ያለችው ትሠራ እንጂ። ለአዲስ መኪና ቢሆን እኔም አልደፍርም፤ ጣውላ ስለካ አንድ ቦታ ብጭራት ያለቅሱብኝ ነበር። የእርስዎ መኪና ግን ተጭራ አልቃለች። ደግሞ ሳጥኑ በብሎን ይታሰራል፤ እሷ ስትሞት ተፈቶ ይወጣል።»

«ክብደት ይጨምርባታል። ቤንዚን ትጨርስብኛለች።»

«ሦስቱ የማይሠሩ ሞተሮች ለምን ተጭነው ይዞራሉ?»

«ለመለዋወጫ።»

«ከእነሱ ምን ወስደው ያውቃሉ?»

«እስከ አሁን ምንም። ግን ሊያስፈልግ ይችላል!»

«ሳጥኑ ከአንዱ ሞተር ብዙም አይከብድም። ሦስቱን አውርደን እሱን ብንጭን መኪናዋ ታመሰግነናለች።»

ጋሽ ብሎን ሲኒውን ገፉት። ንዴታቸው እየጨመረ የሄደው ልጅቷ ስለተሳሳተች አልነበረም። በትሕትና ነበር የምትናገረው፤ «እርስዎ» እያለች፣ ዓይኗን ዝቅ እያደረገች፤ ቢጮህባት የሚጮኸው ሰው ነው የሚያፍረው። እንዲህ ያለውን ሰው ደግሞ በክርክር ማሸነፍ ያስቸግራል።

«ስሚ» አሉ በመጨረሻ። «የእኔ ሙያ ያለው እዚህ ነው።» ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ ዘይት የበላው፣ ጫፍ ጫፉ በመርፌ የተወጋጋ እጅ ነው። «መሳቢያ አይጠግንም። እጅ ነው የሚጠግን።»

«እውነት ነው። እንደዚህ ያለ እጅ እኔ ያስተማርኩት ተማሪ ሁሉ ቢደመር የለውም» አለች። «ግን ይሄ እጅ ዛሬ ሰባ ደቂቃ የሠራው ጨርቅ ማገላበጥ ነው። ያሳዘነኝም እሱ ነው።»

ጋሽ ብሎን እጃቸውን ሰብስበው ከጠረጴዛው ሥር አደረጉ። እሷ ግን አላበቃችም። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«መሳቢያው ይቅር እንኳ። ያቺ ከላይ የተጫነችው ብረት ታስፈራኛለች። መኪናው በድንገት ሲቆም እሷ አትቆምም፤ እርስዎ በነዱበት ፍጥነት ወደ ፊት ትመጣለች።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ስነዳ ንቅንቅ ብላ አታውቅም።»

«በድንገት ቆመው አያውቁ ይሆናላ። ቢያንስ በገመድ ይሰሯት፤ ከጎንዎ ስለሚቀመጡት ስለ እቴቴ ብለው።»

«እሺ» አሉ ጋሽ ብሎን።

እሺ ብዙ ዓይነት ነው። የመስማማት እሺ አለ፣ ትእዛዝ የመቀበል እሺ አለ፣ ደግሞ ነገሩ ይብቃ የሚል፣ በር እንደ መዝጋት ያለ እሺ አለ። የጋሽ ብሎን እሺ ሦስተኛው ነበር። ሻዩን ጨርሰው ተነሡ፤ ገመዱም ሳይገዛ ቀረ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ እቴቴን ወደ መድኃኒት ቤት ይዘው ሄዱ። እቴቴ ባለቤታቸው ናቸው፤ የእህታቸው ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምትጠራቸው በዚህ ስም ነው። ዳሌያቸውን ያማቸዋል፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። መንገዱን ሙሉ ከኋላ የሚንኳኳውን ብረት እየሰሙ፣ በእግራቸው መሐል የክር ከረጢት ይዘው፣ እንደ ልማዳቸው አጉረመረሙ። መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ወረዱ።

«ዞሬ ማዶ እጠብቅሻለሁ» አሏቸው ባላቸው።

ከዚያ የሆነው ለመናገር ከሚፈጀው ጊዜ ያነሰ ነው። መኪናዋ ተነሥታ፣ ፍጥነቷን አግኝታ ወደ መታጠፊያው ስትቃረብ፣ ከቆመ የጭነት መኪና ኋላ ብስክሌተኛ ጥልቅ አለ። ጋሽ ብሎን ፍሬኑን በሁለት እግራቸው ረገጡት። መኪናዋ ቆመች። ብስክሌተኛው ዘወር ብሎም ሳያያቸው አለፈ። እሳቸው ግን ከጀርባቸው አንድ ነገር ሲነሣ፣ ከዚያ ጆሯቸው አጠገብ ሲያልፍ፣ ከዚያ ከጎናቸው እንደ መዶሻ ሲያርፍ ሰሙ።

ቀስ ብለው ዞሩ። የብረት ስፌት መኪናዋ ከክምሩ አናት ተነሥታ የፊት ወንበሩን ራስ ማስደገፊያ ሰብራ፣ መደገፊያውን አጉብጣ፣ እቴቴ ከአንድ ደቂቃ በፊት ተቀምጠውበት የነበረው ቦታ ላይ ወድቃለች። የመርፌዋ ዘንግ ወንበሩን ቀዶ ስፖንጁ ውስጥ ገብቷል። ወንበሩ ገና ሙቀት ነበረው።

እዚያው እንዳሉ፣ መሪውን እንደያዙ ቀሩ። ከኋላ ያሉት መኪኖች ጥሩንባ ነፉ፤ አልሰሙም። ስንት ደቂቃ እንዳለፈ ሳያውቁ በሩ ተከፈተ። እቴቴ የመድኃኒቱን ከረጢት በአንድ እጅ፣ ምርኩዙን በሌላው ይዘው አጎነበሱ። ወንበሩን አዩ፤ ብረቷን አዩ፤ ባላቸውን አዩ።

«እኔ የት ልቀመጥ?» አሉ።

ብዙ የሚናገሩ ሴት ናቸው፤ ያን ጊዜ ግን ከዚህ ሌላ አልተናገሩም። በሩን ቀስ አድርገው ዘጉና በእግራቸው ወደ ቤት ጀመሩ።

ጋሽ ብሎን መኪናዋን በእግረኛ ፍጥነት ከጎናቸው እየነዱ፣ መስኮቱን አውርደው ለመኗቸው። «ግቢ እንጂ! ዳሌሽን! አወርዳታለሁ አልኩሽ እኮ!»

እቴቴ አልዞሩም። «እሷን አደራ፤ ቀስ ብለህ ንዳላት» አሉና ምርኩዛቸውን እያንኳኩ ሄዱ።

በማግስቱ ጋሽ ብሎን የእህታቸው ልጅ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ሄዱ። «በዚህ ሳልፍ ነው» አሉ። ትምህርት ቤቱ ከከተማው ጫፍ ያለ በመሆኑ በዚያ የሚያልፍ ሰው የለም። እሷ ግን አላሳፈረቻቸውም። ወጥታ የጎበጠውን ወንበር አየች፤ የተቀደደውን ጨርቅ በጣቷ ነካች፤ ፊቷ ተለዋወጠ።

«እቴቴ?»

«ወርዳ ነበር። ከደቂቃ በፊት።»

እሷ አጎንብሳ የተሰበረውን ማስደገፊያ አነሣች። ጋሽ ብሎን ጠበቁ። ሌሊቱን ሁሉ ወቀሳዋን ሲፈሩ አድረዋል፤ ሳይመጣ ሲቀር ግን ባሰባቸው።

«በይኝ እንጂ!»

«ምን ልበልዎት?»

«ነግሬዎት ነበር በይኛ! ምን ያስጠብቅሻል?»

«አሁን እርስዎ አሉት እኮ፣ አጎቴ» አለች። «ይልቅ ዕቃውን እናውርድ።»

ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ሄደዋል፤ ወርክሾፑ ባዶ ነው። አንዱን ረጅም ጠረጴዛ አጽድታ በኖራ ሦስት ቦታ ከፈለችው። «በዚህ በየሳምንቱ የሚነኩት፣ በዚህ በዓመት አንዴ የሚነኩት፣ እዚያ ደግሞ ነክተውት የማያውቁት» አለች።

ሰው ልቡ ካመነ በኋላ አፉ እስኪከተል ጥቂት ቀን ይፈጃል። ጋሽ ብሎን ለመሸነፍ መጥተው ሳለ በእያንዳንዱ ዕቃ ተከራከሩ። የተበጠሰው ቺንጊያ ሊቀጠል ይችላል አሉ። ዝገት የበላው ካቻቪቴ ዝገቱ ሊለቅ ይችላል። አንዱ እግር ጫማ እንኳ ጠበቃ አላጣም። «ሶሉ ደህና ነው» አሉ።

«የሌላኛው እግርስ?»

«እሱን እየፈለግኩት ነው።»

መምህርቷ ግንባሯን ያዘች። ያን ከሰዓት የተሟገቱት ከሻይ ቤቱ ሙግት ይበልጣል፤ ያንን ሁሉ ብንጽፈው አንባቢም እንደ እሷ ግንባሩን ይይዛል። የሦስተኛው ክፍል ክምር ከሁለቱ ድምር በላይ መሆኑን መናገር ይበቃል።

ከዚያ ትርፉን ጎማ አነሡ። ከሥሩ ያለው ጎድጓዳ አፈርና የደረቀ ዘይት ሞልቶታል። መምህርቷ በመጥረጊያ ስትጭረው አንድ ጠንካራ ነገር ገጠማት፤ አውጥታ በጨርቅ ጠረገችውና ሰጠቻቸው። የኪስ ሰዓት የሚያህል፣ መስታወት ያለው፣ የክር ውጥረት የሚለካ መሣሪያ ነው።

ጋሽ ብሎን ተቀበሉት፤ ከዚያም ያገኙት ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

«ምነው አጎቴ? የጠፋብዎት ነበር?»

«አልጠፋብኝም» አሉ። «ተሰርቆብኝ ነበር።»

ታሪኩ ይህ ነው። ይህን መሣሪያ የሰጧቸው ሙያውን ያስተማሯቸው ሽማግሌ ናቸው። ከጋሽ ብሎን ሱቅ ጋር ግድግዳ የሚጋራ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ አለ። አብረው ምሳ የሚበሉ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሱቁን የሚጠብቅለት ወዳጅ ነበር። መሣሪያው በጠፋ ቀን ሱቁን ሲጠብቅ የዋለው እሱ ነበር። ጋሽ ብሎንም አላመነቱም፤ ሬዲዮ ጠጋኙ በር ላይ ቆመው፣ ደንበኛ እየሰማ፣ «አንተ ነህ የወሰድከው» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ፣ አንዱ የሌላውን ሳል በግድግዳው እየሰማ፣ ሰላምታ የላቸውም።

«እኔው ነኝ መኪና ውስጥ የወረወርኩት» አሉ ጋሽ ብሎን መሣሪያውን እያዩ። «ክምሩ ውስጥ ገባ፤ ክምሩ ዋጠው። እኔ ደግሞ ሰው ሌባ አልኩ።»

መምህርቷ አጽናናለሁ ብላ አልዋሸቻቸውም። አጠገባቸው ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ስለ ቺንጊያውም ስለ ጫማውም ክርክር አልነበረም።

ሥራው የሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ወሰደ። አሮጌ መኪና ቀጥ ያለ ጎን ስለሌላት፣ መጀመሪያ በካርቶን እየቆረጠች፣ እያስጠጋች፣ የጎማዎቹን ጉብታ ቅርፅ ወሰደች፤ ከዚያ ነው ፕላይውዱን መጋዝ የነካችው። ዘጠኝ ዓመት የታጠፈውን የኋላ ወንበር አቃንታ፣ ዕቃው ሁሉ ከእሱ ወደ ኋላ እንዲቀር አደረገች፤ ከወንበሩ በላይ እስከ ጣሪያው የሽቦ መረብ ወጠረች። ሁለቱ መሳቢያዎች ከግራና ከቀኝ ሆኑ። በመሐላቸው፣ ወለሉ ላይ ዝቅ ብሎ፣ ለብረቷ ስፌት መኪና ልክ የሆነ ጎድጓዳ ተሠራ፤ በሰፊ ቀበቶ ታሰረች፣ ቀበቶውም ከመኪናዋ ብረት ጋር በወፍራም ብሎን ተያዘ። ትርፉ ጎማ ደግሞ ቢያስፈልግ ሁሉ ነገር ሳይወርድ እንዲወጣ፣ በላዩ የሚነሣ ክዳን አበጀችለት።

አንድ ነገር ብቻ እምቢ አላት። መኪናዋ ዳገት ስትወጣ መሳቢያዎቹ ወደ ኋላ እየተንሸራተቱ በሩን ይመቱታል። መቀርቀሪያ ገጠመች፤ በንዝረት ተከፈተ። ሌላ ገጠመች፤ እሱም እንደዚያው። ጋሽ ብሎን ጥግ ላይ ሆነው ሲያዩ ቆይተው ተነሡና ከነዚያ ሊጣሉ ከነበሩት ብረቶች መሐል የስፌት መኪናን እግር ወደ ታች የሚጫነውን የሞላ ሽቦ ፈትተው አመጡ።

«ይሄ በቀን ሺህ ጊዜ ተነሥቶ ይወርዳል፤ አይላላም። በዚህ ሞክሪው።»

ገጠሙት። መሳቢያው ቀጭ ብሎ ያዘ። መኪናዋን አዟዟሯት፤ አልለቀቀም።

«ይሄን እኔ አላስበውም ነበር» አለች መምህርቷ፤ ከልቧ ነበር። ጋሽ ብሎን በአምስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

ወንበሩ ታድሶ፣ ሁሉም አልቆ፣ እቴቴ በምርኩዛቸው ቀበቶውን ነካ ነካ አድርገው ከመረመሩ በኋላ ገቡ። ጋሽ ብሎን ግን ወደ ቤት አልነዱም። ወደ ሱቃቸው ሄዱ፤ የራሳቸውን በር አልፈው የጎረቤታቸው በር ላይ ቆሙ።

ሬዲዮ ጠጋኙ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ሽቦ ይበይዳል። ቀና ብሎ አያቸውና ወደ ሥራው ተመለሰ። ጋሽ ብሎን መሣሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ሰውየው ብየዳውን ጨረሰ፤ እፍ አለበት፤ ከዚያ አነሣው።

«የት ነበር?»

«ትርፉ ጎማ ሥር።»

«ማን አስገባው?»

«እኔ።»

«አራት ዓመት።»

«አራት ዓመት» አሉ ጋሽ ብሎን። «በደንበኞችህ ፊት ነው ያዋረድኩህ፤ በፊታቸው ይቅርታ ልጠይቅህ እችላለሁ። ጥራቸው ካልክ ልጥራቸው። በድዬሃለሁ።»

ሬዲዮ ጠጋኙ መሣሪያውን ወደ ብርሃን አቅንቶ አገላበጠው። «አራት ዓመት ሙሉ አንድ ጎማ እንኳ አልተነፈሰብህም?» አለ በመጨረሻ። «ምን ዓይነት ዕድል ነው? አንዴ ቢተነፍስ ኖሮ ታርቀን ነበር!»

ጋሽ ብሎን ሊስቁ አሰቡ፤ የወጣቸው ግን ሳቅ አልነበረም። ወዳጃቸው ወንበር ገፋላቸው። እሳቸው ግን አልተቀመጡም፤ እጁን ይዘው ወደ ውጭ ጎተቱት፤ የመኪናዋን የኋላ በር ከፈቱና መሳቢያዎቹን ሳቡ።

«እየው። መርፌ በዚህ፣ ዘይት በዚህ፣ ትንንሽ ብረቶች በየክፍላቸው። ዓይኔን ጨፍኜ አወጣዋለሁ። ትናንት አንድ ቤት ተጠርቼ ገብቼ እስክወጣ ለሻይ የተጣደው ውኃ አልፈላም። የጎደለው ቦታው ባዶ ሆኖ ስለሚታየኝ ያለኝን ዕቃ ደግሜ አልገዛም። ብረቷ ታስራለች፤ ሚስቴ ያለ ስጋት ትቀመጣለች። የኋላ ወንበሩ ስለተነሣ የልጅ ልጆቼን መጫን እችላለሁ። መኪናዋ ያው አሮጊት ናት፤ ምንም አልተለወጠችም። የተለወጠው ጓዳዋ ነው። ዋናው ግን ይሄ አይደለም።»

«ዋናው ምንድን ነው?»

«ከእንግዲህ አንድ ዕቃ ቢጠፋብኝ መጀመሪያ የማየው መሳቢያዬን ነው። ሰው አይደለም።»

እዚህ ላይ እኛ የምንጨምረው ብዙ የለም። ሥርዓት የሌለው ዕቃ የሚበላው ጊዜን ብቻ ይመስለናል፤ ዳሩ ግን ሰውንም ወዳጅነትንም ይበላል። ይህን ለማስተካከል የሚያስፈልገው አዲስ መኪና አልነበረም፤ ጥቂት ጣውላ፣ ሦስት ከሰዓትና ከታናሽ ሰው ምክር ለመቀበል የሚበቃ ትሕትና ነበር። ከሦስቱ ለማግኘት ያስቸገረው የመጨረሻው ነው።

ከፊት ወንበር እቴቴ ጥሩንባውን ነፉ። «ስብከቱ አላለቀም? ዳሌዬን እያመመኝ ነው!»

«መጣሁ!» አሉ ጋሽ ብሎን፤ የዚህ ጊዜው «መጣሁ» እውነት ነበር። በሩን ዘግተው ሊገቡ ሲሉ ሬዲዮ ጠጋኙ ጠራቸው።

«ነገ ምሳ ሰዓት ብቅ በል» አለ፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልሳቀም። «ዕቃ መፈለጉ ከቀረ ጊዜ አታጣም።»

ጋሽ ብሎን በእነዚያ ቀናት ስለ ሁሉም ነገር ሲከራከሩ የከረሙ ሰው ናቸው። ለዚህ ግን ምንም መከራከሪያ አልፈለጉም።

«እመጣለሁ» አሉ።